ከረጅሙ ልጅ ጎን ማን ይቁም?

ኳሱ ወደ ውስጥ አልገባ አለ። ጊዜው መጋቢት 2023 ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ቦታው የኦሃዮዋ ኮሎምበስ ከተማ። የፐርዱ ዩኒቨርሲቲው ሴንተር ዛክ ኢዲ ጀርባውን ለቅርጫቱ ሰጥቶ፣ አንድ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ኳስ ይጠብቃል። ቁመቱ 2 ሜትር ከ24 ሴንቲ ሜትር ነው። አንድ የተጋጣሚው የፌርሊ ዲክንሰን ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች ከፊቱ ቆሞ መንገዱን ዘግቶበታል፤ ሌላው ከኋላው ተለጥፎበታል። የፐርዱ ጋርዶች ከውጭ ሆነው ኳሱን ወዲህና ወዲያ ይቀባበላሉ፣ ቀዳዳ ይፈልጋሉ፣ ያጣሉ። በመጨረሻ ማንም ያልሸፈናቸው እነሱ ራሳቸው መሆናቸውን ያስተውሉና ከሶስት ነጥብ መስመር ውጭ ይወረውራሉ። ኳሱ ቀለበቱን ገጭቶ ይመለሳል።

በዚያ ምሽት ፐርዱ 26 ጊዜ ከሶስት ነጥብ ክልል ወርውሮ ያገባው አምስቱን ብቻ ነው። ኢዲ ከ11 ሙከራ ሰባቱን አግብቶ 21 ነጥብና 15 ሪባውንድ ይዞ ወጣ። ውጤቱ ግን 63 ለ58 ሆነ፤ አሸናፊው ፌርሊ ዲክንሰን። በወንዶች የኮሌጅ ውድድር ታሪክ በምድቡ 16ኛ ደረጃ ተሰጥቶት የገባ ቡድን አንደኛውን ሲያሰናብት ይህ ሁለተኛው ነበር፤ የመጀመሪያው በ2018 ቨርጂኒያ ላይ የደረሰው ነው። ፌርሊ ዲክንሰን በዚያ ዓመት በአንደኛው ዲቪዚዮን ከነበሩት 363 ቡድኖች ሁሉ በቁመት የመጨረሻው ነበር። ኳሱን ከሚያንቀሳቅሱት ጋርዶች አንዱ ዴሜትሬ ሮበርትስ ከ1 ሜትር ከ75 ያንሳል።

ያን ጨዋታ ያየ ብዙ ሰው የረጅም ሴንተር ዘመን አብቅቷል ብሎ ደመደመ። እኔ ያየሁት ሌላ ነገር ነው። ኢዲ በዚያ ምሽት አልተሸነፈም ለማለት እደፍራለሁ። የተሸነፉት በዙሪያው የቆሙት አራቱ ነበሩ፤ እሱን ለመሸፈን የሄዱት ተከላካዮች ትተውት የሄዱትን ክፍተት መጠቀም አልቻሉም። ስለ አንድ ወጣት ሴንተር እድገት ስንናገር ስለ ጡንቻውና ስለ እግሩ ፍጥነት ብቻ እናወራለን። በእኔ እምነት ግን ለእድገቱ እኩል ወሳኝ የሆኑ ሁለት ጉዳዮች በአሰልጣኙ እጅ ናቸው፦ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስንት ደቂቃ ይጫወት የሚለውና ከጎኑ ማን ይሰለፍ የሚለው። ሁለቱም በኢዲ አራት የኮሌጅ ዓመታት ውስጥ ጥርት ብለው ይታያሉ።

ኢዲ የተወለደው በ2002 ቶሮንቶ፣ ካናዳ ነው። ያደገው በበረዶ ሆኪና በቤዝቦል ነው። ባየው ሰው ሁሉ ቅርጫት ኳስ ተጫወት እየተባለ፣ ወደ አስራ ስድስት ዓመቱ እስኪጠጋ ድረስ በደንቡ በተደራጀ ቡድን ውስጥ ቅርጫት ኳስ አልተጫወተም። ከዚያ በኋላ ወደ ፍሎሪዳው አይኤምጂ አካዳሚ ሄደ። ዩኒቨርሲቲዎች ተጫዋች ሲመለምሉ የሚያዩት የደረጃ ሰንጠረዥ ከ400ኛ በታች አስቀመጠው። ይህን የሚያህል ቁመት ይዞ እዚያ ድረስ መውረዱ የሚያስደንቅ ይመስላል፤ ነገር ግን መልማዮቹ ያዩት ገና ሁለት ዓመት የተጫወተ ልጅ ነበር። እግሩ ከዓይኑ ይዘገያል፣ ኳስ ሲይዝ ወደ ወገቡ ያወርዳል፣ ከጥቂት ምልልስ በኋላ ትንፋሹ ያጥረዋል።

ኢንዲያና ግዛት፣ ዌስት ላፋዬት የሚገኘው ፐርዱ ግን ለእንዲህ ዓይነት ልጅ የተለየ ቤት ነው። ከ2005 ጀምሮ ቡድኑን የያዙት አሰልጣኝ ማት ፔይንተር፣ ሌሎች ቡድኖች በፈጣንና በአጭር አሰላለፍ ሲጠመዱ፣ ኳስ ወደ ውስጥ ማስገባትን አልተዉም። ኤ ጄ ሃመንስ፣ 2 ሜትር ከ18 የሚረዝመው አይዛክ ሃስ፣ ማት ሃርምስ፣ ከዚያም ትሬቪየን ዊሊያምስ በእሳቸው እጅ አልፈዋል። ረጃጅሞቹን በየቀኑ የሚያሠራው ረዳት አሰልጣኝ ብራንደን ብራንትሊ ራሱ ለፐርዱ በውስጥ መስመር የተጫወተ ሰው ነው።

ለረጅም ወጣት የሚሰጠው የመጀመሪያው ትምህርት ውርወራ አይደለም። ኳሱን ከአገጭ በላይ ይዞ መቆየት ነው። ትልቅ ሰው ኳሱን ወደ ታች ባወረደ ቁጥር ትናንሾቹ ጋርዶች ይነጥቁታል፤ ከፍ አድርጎ ከያዘው ግን የሚደርስበት የለም። ሁለተኛው ቦታ መያዝ ነው። ኳሱ ከመምጣቱ በፊት ተከላካዩን በጀርባና በዳሌ ገፍቶ ከቅርጫቱ ሁለት እርምጃ ላይ መቆም፣ ቦታውን በዚያች ቅጽበት መዝጋት፣ የሶስት ሰከንዱ ገደብ ሳያልፍ ተቀብሎ ማጠናቀቅ። ሶስተኛው እጅን ወደ ላይ አቅንቶ፣ ሳይወዛወዙና ፋውል ሳይሠሩ መከላከል ነው። በኮሌጅ ጨዋታ አምስት ፋውል የሠራ ይወጣል፤ እግሩ የዘገየ ወጣት ሴንተር ደግሞ የዘገየበትን በእጁ ለማካካስ ሲሞክር በአስር ደቂቃ ውስጥ ሶስቱን ይጨርሳል። እነዚህ ሁሉ የሚለመዱት በድግግሞሽ ነው። ድካም ሲገባ የመጀመሪያዎቹ የሚጠፉትም እነሱ ናቸው።

ስለዚህ ፔይንተር ደቂቃውን ቆጠቡ። ኢዲ በ2020-21፣ በመጀመሪያ ዓመቱ፣ በጨዋታ በአማካይ 14.7 ደቂቃ ተጫውቶ 8.7 ነጥብ አስቆጠረ። በሁለተኛው ዓመት 19 ደቂቃ፣ 14.4 ነጥብ። በሶስተኛው ደቂቃው ወደ 31.7 ዘለለ፤ ነጥቡም 22.3፣ ሪባውንዱም 12.9 ሆነ። በአራተኛው 32 ደቂቃ ተጫውቶ በ25.2 ነጥብ የአገሪቱ ከፍተኛ አስቆጣሪ ሆነ። ከዚህ ቁጥር ውስጥ እኔን የሚስበኝ ሁለተኛው ዓመት ነው። ገና በ19 ደቂቃ ይህን ያህል የሚያስቆጥር ተጫዋች ያለው አሰልጣኝ ደቂቃውን በእጥፍ ለማሳደግ የሚገፋፋው ብዙ ነገር አለ፤ ደጋፊው ይጮሃል፣ ጋዜጠኛው ይጠይቃል። ፔይንተር አልቸኮሉም። ሳይቸኩሉ መቆየት የቻሉትም ወንበር ላይ ትሬቪየን ዊሊያምስ ስለነበረ ነው።

የዊሊያምስ ታሪክ ከኢዲ ታሪክ ተለይቶ ሊነገር አይገባም። የቺካጎ ልጅ ነው፤ 2 ሜትር ከ8፣ ሰፊ ትከሻ፣ ከሴንተር የማይጠበቅ የአቀባይነት ዓይን ያለው። በ2021 ፐርዱ በሚጫወትበት በቢግ ቴን ሊግ ምርጥ አምስት ውስጥ ገብቷል። የመጨረሻ ዓመቱ ሲደርስ ግን ቋሚ ተሰላፊው ኢዲ ሆነ፤ እሱ ከወንበር እየተነሳ እንዲገባ ተደረገ። ሙያው ገና ሊጀመር ላለ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ይህ ቀላል ውሳኔ አይደለም። ዊሊያምስ ተቀበለው፤ የሊጉ ምርጥ ተቀያሪ ተብሎም ተሸለመ።

ሁለቱ ለምን አብረው አልተሰለፉም? ሒሳቡን እንየው። በ2021-22 ኢዲ በጨዋታ 19 ደቂቃ ያህል፣ ዊሊያምስ 20 ደቂቃ ያህል ተጫወቱ። ሲደመር 39 ገደማ ነው፤ የኮሌጅ ጨዋታ ደግሞ 40 ደቂቃ ነው። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል ማለት ነው፤ በሜዳ ላይ እምብዛም አልተገናኙም። ከሁለቱ የሴንተር ቦታ ብቻ በጨዋታ 26 ነጥብና 15 ሪባውንድ ይገኝ ነበር። አብረው ቢሰለፉ ያንን ማግኘት አይቻልም፤ ምክንያቱም ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ ቦታ ነው። ሁለቱም ከሶስት ነጥብ መስመር ውጭ አስፈሪ አይደሉም፤ ስለዚህ የዊሊያምስ ተከላካይ እሱን ትቶ ኢዲ ላይ ይደርባል። በመከላከሉም በኩል ከሁለት አንዱ ከቅርጫቱ ርቆ ፈጣን ፎርዋርድ ማባረር ይኖርበታል፤ ሁለቱም ለዚያ አልተፈጠሩም።

አራተኛው ቦታ፣ ፓወር ፎርዋርድ የሚባለው፣ የሴንተሩን ዕጣ የሚወስነው በዚህ ነው። ኢዲ ኳስ ሲቀበል የመጀመሪያው ጥያቄ “ሁለተኛው ተከላካይ ከየት ይመጣል?” የሚል ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከአራት ቁጥሩ ነው፤ ሁለቱም ለቅርጫቱ ቅርብ ናቸውና። አራት ቁጥሩ ከውጭ የሚያገባ ከሆነ ተከላካዩ ሁለት ልብ ይሆናል፤ ቢሄድ ሶስት ነጥብ ይቀበላል፣ ባይሄድ ኢዲ ብቻውን ያለውን ተከላካይ ያስጨንቃል። የማያገባ ከሆነ ግን ሰውየው ያለ ስጋት ይመጣል፤ ሴንተሩ በሁለት ሰው መካከል ይቀበራል። ፐርዱ ራሱ ይህን በ2016-17 በተግባር አይቶታል። በዚያ ዓመት ኬሌብ ስዋኒጋንና አይዛክ ሃስ፣ ሁለት ግዙፎች፣ አብረው ተሰልፈው ሠርቶላቸዋል። የሠራውም ስዋኒጋን በጨዋታ ከ12 በላይ ሪባውንድ እየሰበሰበ ከሶስት ነጥብ ክልልም ከአስር ሙከራ ከአራት በላይ ያገባ ስለነበር ነው። ስዋኒጋን በ2022 ገና በ25 ዓመቱ አረፈ። ያን የውድድር ዓመት ያዩ ሰዎች ሁለት ትልልቅ ሰዎች በአንድ ሜዳ እንዴት እንደሚስማሙ ከእሱ ተምረዋል።

ዊሊያምስና ኢዲ የተፈራረቁበት ያ ቡድን በታኅሣሥ 2021 በዩኒቨርሲቲው ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የአገሪቱ አንደኛ ተባለ። በመጋቢቱ አገር አቀፍ ውድድር ደግሞ ፊላዴልፊያ ላይ በምድቡ 15ኛ ሆኖ በገባው ሴንት ፒተርስ 67 ለ64 ተሸነፈ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመትም በ13ኛው ኖርዝ ቴክሳስ በተጨማሪ ሰዓት ወድቆ ነበር። በ2023 ፌርሊ ዲክንሰን ሲጨመርበት ሶስት ተከታታይ መጋቢቶች በትንሽ ቡድን እጅ ማለቃቸው ነው። ፔይንተር በእነዚያ ወራት የተወረወረባቸውን ነቀፌታ ሳስበው፣ መንገዳቸውን አለመቀየራቸው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

በ2022-23 ዊሊያምስ ሄዷል፤ ኢዲ ለሠላሳ ደቂቃ ዝግጁ ሆኗል። ከጎኑ የሚቆመውን ለመምረጥ ሶስት ሰው ነበር። ሜሰን ጊሊስ ከሶስቱ አጭሩ ነው፤ ግን ከውጭ ያገባል፣ ስክሪን ይሠራል፣ ለሪባውንድ ይጋደላል። በየካቲት 2023 በሜዳቸው በማኪ አሪና ፔን ስቴት ላይ ዘጠኝ ሶስት ነጥብ አግብቶ 29 ነጥብ ያስቆጠረበት ምሽት፣ የኢዲ ጎረቤት ሆኖ መቆም ምን ያህል ሰፊ ሜዳ እንደሚሰጥ አሳይቷል፤ ሁሉም ዓይን ረጅሙ ላይ ነበር። ኬሌብ ፈርስት ረዘም ይላል፣ ይሮጣል፣ ይከላከላል። ሶስተኛው ትሬይ ካውፍማን-ሬን ነው፤ የመጀመሪያ ዓመቱን ሙሉ ያለ ጨዋታ በልምምድ ብቻ ያሳለፈ፣ በቅርጫቱ አካባቢ ለስላሳ እጅ ያለው፣ ከውጭ ግን እምብዛም የማይወረውር። ቡድኑ የሊጉን ዋንጫም የሊጉን የማጠቃለያ ውድድርም አሸነፈ። ኢዲም የአገሪቱ የዓመቱ ምርጥ ተባለ። ሆኖም ኳስ የሚያንቀሳቅሱት ብሬደን ስሚዝና ፍሌቸር ሎየር ሁለቱም የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ነበሩ። የቡድኑ የሶስት ነጥብ ውርወራም በውድድሩ ማብቂያ ወራት እየከዳው መጥቶ ኮሎምበስ ላይ ጭራሽ ጠፋ።

በዚያ የጸደይ ወቅት ኢዲ ለኤንቢኤ ምልመላ ተመዘገበ፤ ከዚያ ስሙን አውጥቶ ተመለሰ። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ችላ የሚባል ነገር አለ። ከ2021 ጀምሮ የአሜሪካ ኮሌጅ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ተፈቅዶላቸዋል። ከሌላ አገር በተማሪ ቪዛ የመጣ ልጅ ግን አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ሥራ ሠርቶ መከፈል ቪዛውን አደጋ ላይ ይጥልበታል። ኢዲ ካናዳዊ ነው። የአገሪቱ ምርጥ ተጫዋች ከእሱ ያነሱ ጓደኞቹ የሚያገኙትን ሳያገኝ ተጫወተ። ዘመድ በተማሪ ቪዛ ልኮ የሚያውቅ የኢትዮጵያ ቤተሰብ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ልጁ ለመመለስ ሲወስን የከፈለው ዋጋ ከሌሎቹ የበለጠ ነበርና በእኔ ዘንድ ክብሩን ጨምሮለታል።

በ2023-24 ፔይንተር ሁለት ነገር ለወጡ። ከሳውዘርን ኢሊኖይ ላንስ ጆንስ የሚባል ፈጣን ጋርድ አመጡ፤ ካውፍማን-ሬንን ደግሞ በአራት ቁጥር ቋሚ ተሰላፊ አድርገው ጊሊስን ወደ ወንበር መለሱ። ሁለተኛው ውሳኔ እስካሁን ካልነው ጋር የሚቃረን ይመስላል። ከውጭ የሚያገባው ተቀምጦ የማያገባው ለምን ይሰለፋል? መልሱ የጨዋታው መጀመሪያና መሃሉ የተለያዩ መሆናቸው ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ካውፍማን-ሬን ቁመትና ጉልበት ይጨምራል፤ ኢዲ ገና ፋውል ሳይበዛበት በመከላከልና በሪባውንድ ያግዘዋል። የተቃራኒ ቡድን አራት ቁጥር ኢዲ ላይ ቢደርብም ካውፍማን-ሬን ከቅርጫቱ አራት እርምጃ ላይ ኳስ ተቀብሎ መጨረስ ይችላል። ከዚያ ጊሊስ ይገባል፤ ሜዳው በአንድ ጊዜ ይሰፋል። ኢዲን በአንድ ዓይነት መንገድ ለመያዝ የተለማመደ ተከላካይ በደቂቃዎች ውስጥ ሌላ ፈተና ይገጥመዋል። በዚያ ዓመት ጊሊስ ከሶስት ነጥብ ክልል ከሞከረው ከ45 በመቶ በላይ አገባ፤ እንደ ዊሊያምስ እሱም የሊጉ ምርጥ ተቀያሪ ሆነ። ቡድኑ በአጠቃላይ ከ40 በመቶ በላይ አገባ፤ በአገር ደረጃ ከቀዳሚዎቹ አንዱ። አንድ ዓመት የበሰሉት ስሚዝና ሎየርም ኳስ ወደ ውስጥ መቼ እንደሚላክ ያውቁ ነበር።

ዲትሮይት፣ መጋቢት 31 ቀን 2024። ተጋጣሚው ቴነሲ ነው፤ አሸናፊው ወደ መጨረሻዎቹ አራት ይገባል። የቴነሲው ዳልተን ኔክት የማይቆም ሆኗል፤ በመጨረሻ 37 ነጥብ አስቆጠረ። ኢዲ በየምልልሱ ቦታውን ይይዛል፣ ይገፋል፣ ይገፈተራል፣ ወደ ቅጣት መስመር ይሄዳል። ሃያ ሁለት የቅጣት ውርወራ አገኘ፤ አስራ አራቱን አገባ። ትልቅን ሰው በፋውል ማቆም የሚቻለው ከመስመሩ ላይ ሲስት ነው። ኢዲ በአራቱ ዓመታት ከሞላ ጎደል ከአስር ሰባት ያህል ያገባ ነበር፤ በመጨረሻው ዓመት ብቻ ከ400 በላይ ጊዜ መስመሩ ላይ ቆሟል። ጨዋታው ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ሲቀረው ኔክት ሰንጥቆ ወደ ቅርጫቱ ገባ፤ ኢዲ ደርሶ ኳሱን መለሰበት። በመጀመሪያው ዓመት ከወንበር ሆኖ የሚያርፍባቸው ደቂቃዎች እነዚህ ነበሩ። አሁን ጨዋታውን ከሞላ ጎደል ሁሉ ተጫውቶ፣ በመጨረሻው ምልልስ ላይ እግሩ በጊዜው ደረሰ። 40 ነጥብ፣ 16 ሪባውንድ፤ ፐርዱ 72፣ ቴነሲ 66። ከ1980 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፐርዱ ወደ መጨረሻዎቹ አራት ገባ።

በሌላው ወገን ኮኔቲከት (በአጭሩ ዩኮን) እየመጣ ነበር፤ እዚያም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። ዶኖቫን ክሊንገን ከዩኒቨርሲቲው ብዙም ከማትርቀው ከብሪስቶል ከተማ የመጣ፣ 2 ሜትር ከ18 የሚረዝም ሴንተር ነው። በመጀመሪያ ዓመቱ፣ በ2022-23፣ በጨዋታ 13 ደቂቃ ብቻ ተጫወተ። ከፊቱ የነበረው የባማኮው ልጅ፣ ማሊያዊው አዳማ ሳኖጎ ነው። ሳኖጎ በዚያ ዓመት የረመዳንን ጾም ሳያፈርስ የመጋቢቱን ውድድር ተጫወተ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ከሜዳው ዳር ብርቱካን በልቶ እያፈጠረ ይመለስ ነበር። ዩኮን ዋንጫውን ሲያነሳ የመጨረሻዎቹ አራት ውድድር ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ሳኖጎ ሲያርፍ የሚገባው ክሊንገን ነው፤ በእነዚያ አጭር ደቂቃዎች ሳይደክም፣ ሳይፈራ፣ ያለውን ሁሉ እየሰጠ ሥራውን ተማረ። በ2024 ተራው የእሱ ሲሆን ደግሞ ሳምሶን ጆንሰን የሚባል የሎሜ፣ የቶጎ ልጅ ከወንበር እየተነሳ ያሳርፈው ነበር። ክሊንገን በየጨዋታው ከ22 ደቂቃ እምብዛም አልበለጠም። ኢሊኖይን በገጠሙበት ምሽት ዩኮን ያለ አንዳች መልስ 30 ተከታታይ ነጥብ ሲያስቆጥር የቅርጫቱን በር የዘጋው እሱ ነበር።

ፍጻሜው ሚያዝያ 8 ቀን 2024 ግሌንዴል፣ አሪዞና ላይ ተደረገ። ከዚያ በፊት ፐርዱ ለመጨረሻ ጊዜ ፍጻሜ የደረሰው በ1969 ነው፤ ያኔ የገጠመው በኋላ ከሪም አብዱል-ጀባር የተባለውን ሉ አልሲንዶርን ነበር። የዩኮኑ አሰልጣኝ ዳን ሀርሊ ያደረጉት ነገር የፌርሊ ዲክንሰን ተቃራኒ ነው። ኢዲ ላይ ሁለተኛ ሰው አልላኩም። ክሊንገን ብቻውን፣ እሱ ሲያርፍ ጆንሰን ብቻውን ተጋፈጡት፤ የቀሩት አራቱ ከሚጠብቁት ሰው እንዳይለዩ ተደረገ። ኢዲ 37 ነጥብና 10 ሪባውንድ አገኘ። ቡድኑ በሙሉ ያስቆጠረው 60 ነው፤ ለቀሩት ሁሉ 23 ነጥብ ቀረ። ያን ዓመት በሶስት ነጥብ የታወቀው ፐርዱ በፍጻሜው ሰባት ጊዜ ብቻ ሞክሮ አንድ አገባ። በሌላው የሜዳ ጫፍ ኢዲ በቅርጫቱ አቅራቢያ ስለሚቆይ ትሪስተን ኒውተንና ስቴፈን ካስል ከስክሪን ዞረው በመሃሉ ባዶ ቦታ ላይ እየቆሙ አገቡ። 75 ለ60።

ከኮሎምበስ እስከ ግሌንዴል ያለው ርቀት እዚህ ላይ ይታየኛል። በ2023 ተጋጣሚ ኢዲን በሁለት ሰው ይዞ አሸነፈ፤ ጓደኞቹ ሊያስከፍሉት አልቻሉምና። በ2024 ጓደኞቹ አስፈሪ ስለሆኑ ተጋጣሚው ኢዲን ለአንድ ሰው ትቶ እነሱን ያዘ። ይህን ማድረግ የሚችል ቡድን ግን እንደ ክሊንገን ያለ ሰው ሊኖረው ይገባል፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ በአገሪቱ ውስጥ በጣት የሚቆጠር ነው። በምልመላው ክሊንገን ሰባተኛ ሆኖ ወደ ፖርትላንድ፣ ኢዲ ዘጠነኛ ሆኖ ወደ ሜምፊስ ሄዱ። በኤንቢኤ አይሮጥም የተባለው ኢዲ በመጀመሪያ ዓመቱ ከአዲሶቹ ተጫዋቾች ምርጥ አምስት ውስጥ ገባ። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ከራልፍ ሳምፕሰን ወዲህ የኮሌጁን የዓመቱ ምርጥ ሽልማት በተከታታይ የወሰደ ተጫዋች እሱ ብቻ መሆኑንም እዚህ ላይ መጥቀስ ይገባል።

ፐርዱ ግን ጥያቄው አላበቃለትም። በ2024 መኸር ዳንኤል ጃኮብሰን የሚባል አዲስ ተማሪ መጣ፤ ቁመቱ ልክ እንደ ኢዲ 2 ሜትር ከ24፣ ሰውነቱ ግን ገና ቀጭን። በሁለተኛው ጨዋታ ላይ የቅልጥም አጥንቱ ተሰበረ፤ ዓመቱም በዚያው አለቀ። ካውፍማን-ሬን በ2 ሜትር ከ6 ቁመቱ ወደ ሴንተር ተዛወረ። በልምምድ ብቻ ባለፈ ዓመት የጀመረው ያ ልጅ በጨዋታ ከ20 ነጥብ በላይ አስቆጠረ። ቅርጫቱን የሚጠብቅ ረጅም ሰው አለመኖሩ ግን በየጨዋታው ይታወቅ ነበር። በመጨረሻም ኢንዲያናፖሊስ ላይ ሂዩስተን 0.9 ሰከንድ ሲቀር፣ ከዳር የገባ ኳስ ከቅርጫቱ ሥር አግብቶ 62 ለ60 አሰናበታቸው።

ለ2025-26 ፔይንተር ከሳውዝ ዳኮታ ስቴት በጨዋታ ከ12 በላይ ሪባውንድ ይሰበስብ የነበረውን አውስትራሊያዊ ኦስካር ክለፍን አስመጡ፤ ካውፍማን-ሬን ወደ አራት ቁጥሩ ተመለሰ፤ ጃኮብሰንም ድኖ ልምምድ ጀመረ። ሶስት አማራጭ በአንድ ጊዜ ማለት ነው። ክለፍና ካውፍማን-ሬን ሲሰለፉ ሪባውንዱ የእነሱ ነው፤ ሜዳው ግን ይጠባል። ካውፍማን-ሬን ሴንተር ሆኖ አራት አግቢዎች ሲከቡት ውጭው ይሰፋል፤ የቅርጫቱ በር ግን ይከፈታል። ሶስተኛው ጃኮብሰን ነው። እኔ አሰልጣኝ ብሆን ክለፍ ጨዋታውን እንዲጀምር አድርጌ ለጃኮብሰን በየጨዋታው አስራ ሁለት፣ አስራ አምስት ደቂቃ እሰጠዋለሁ። ከዚህ አላሳንሰውም፣ ከዚህም አላሳልፈውም፤ ከስብራት የተመለሰ እግር ከኢዲም የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። የሚያጓጓኝ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ጃኮብሰን ከኢዲ በተለየ ከውጭ የመወርወር ዝንባሌ አለው። ያ ውርወራ አስተማማኝ ከሆነ ከክለፍ ጋር ጎን ለጎን ሊሰለፍ ይችላል፤ ኢዲና ዊሊያምስ ያልቻሉትን።